የእማማ እታለማሁ ቋጠሮ

ልንገርሽማ፣ እህቴ። በዚያ ዘመን በመጦሪያ ቤት የመርሳት ሕመም ያለባቸውን የሚያበላው ማሽን ነበር፤ የልጃቸውን ድምፅ አስመስሎ እየለመነ ያጎርሳቸው ነበር።

የእማማ እታለማሁ ልጅ ስንዱ ግን ጠረጠረች። የቤቱ ሠራተኞች "እናትሽ ሳህናቸውን ይጨርሳሉ" ቢሏትም፣ የእናቷ ቀለበት ከጣታቸው እየወለቀ ነበር። ሄዳ ትራሳቸውን ብታነሣ፣ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ዳቦ አገኘች።

"እማዬ፣ ለማን ነው?"

እናቷ አላወቋትም። ቋጠሮውን ነጠቋት።

"አትንኪ! የልጄ ነው። ቀኑን ሙሉ 'ብዪልኝ' ትለኛለች፤ እሷ ስትበላ ግን አይቼ አላውቅም።"

ስንዱ ማሽኑን አጠፋች። አማተበችና በእናቷ እጅ ያለውን ቋጠሮ ፈትታ ከዳቦው ቆርሳ ጎረሰች። ስታኝክ እናቷ አፍጥጠው አዩዋት።

"አንቺስ ጎረስሽ፤ የእኔስ?" አሉ።

እባክሽ፣ እናትሽ ዘንድ ሂጂና አብረሻት ብዪ።