ሆን ብላ ያበላሸችው መዝሙር

በመዝሙር ልምምዱ ላይ ልብስ ሰፊዋ ሆን ብላ ቀድማ ገባች። ኪቦርዱ ገና ሲንደረደር "ምሕረትህ!" ብላ ለቀቀችው፤ ያውም ከዜማው ወርዳ። ከዚያ በዓይኗ ጥግ የመዘምራን መሪዋን አየቻት።

መሪዋ በሥራዋ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ እሾህ ይሏታል፤ መዘምራኑም ይህን ሲሰሙ አልበዛባትም ብለዋል። በደህናው ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ጠረጴዛውን በእርሳሷ ደብድባ፣ "ምን ያጣድፍሻል? ድስት ጥደሽ ነው የመጣሽው?" ትላት ነበር። ዛሬ ግን ከንፈሯን ነከሰችና ወረቀቷን ገለጠች።

"ተባረኪ! እንዴት ያምራል!" አለ በርሜል ከኋላ። በርሜል የሚሉት ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስለውን ወፍራም ዘማሪ ነው።

ልብስ ሰፊዋ በሆዷ፣ "ያምራል? ጆሮህ ይደፈን!" አለች።

ነገሩ የጀመረው ቤተ ክርስቲያኗ ስለ ኤች አይ ቪ ስልጠና ያዘጋጀች ጊዜ ነው። ለስልጠናው የመጣችው ነርስ አስተምራ ስትጨርስ ልብስ ሰፊዋ ተነሳችና፣ "ቫይረሱ በደሜ አለ፤ መድኃኒቴን እየወሰድኩ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል" አለች። ይህችን ለመናገር ስንት ሌሊት እንደተገላበጠች እሷና አምላኳ ናቸው የሚያውቁት። መገለልን ነበር የፈራችው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ላይ ግን ያልፈራችው ደረሰ። ፍቅር እንደ ጎርፍ መጣባት።

በርሜል ባገኛት ቁጥር ጥምጥም ይልባትና ላላፊ አግዳሚው፣ "በመተቃቀፍ አይተላለፍም!" እያለ ያውጃል። ሌሎቹ ደግሞ አብሮ መጠጣት እንደማያስተላልፍ ለማሳየት ከእሷ ኮዳ ካልጠጣን ብለው ይሻማሉ፤ ልምምዱ ሳይጋመስ ውሃው ያልቅና የሚጠማው እሷን ብቻ ነው። በመዝሙር ከጎኗ የምትቆመው ፀጉር ሠሪዋ በየቀኑ ሾርባ ታመላልሳለች። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ሳትቀር ቀሚሷን አቅፋ፣ "አይ፣ አንቺ ዕረፊ፤ እንደረዘመ እለብሰዋለሁ" ብላ ተመልሳለች።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። የእሾህን ዝምታ ግን አልቻለችውም። ከዚያ ስልጠና ወዲህ እሾህ አንዴም አልተቆጣቻትም። ሰውን የማይቆጡት መቼ ነው? ወይ ሕፃን ሲሆን፣ ወይ ሊሞት ሲል። ሕፃን እንዳልሆነች ደግሞ ልብስ ሰፊዋ በደንብ ታውቃለች።

ስለዚህ ቆርጣ ነው የመጣችው። ዛሬ ወይ ትቆጣታለች፣ ወይ ከመዘምራኑ ትወጣለች።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሽቅብ ወጣች፣ ሦስተኛው ላይ ቁልቁል ተንከባለለች። ይሄኔ ያላሰበችው መጣ። ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዋ ብቻዋን እንዳትቀር ብላ ዜማውን ጥላ ተከተለቻት። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም ተከተለች። በርሜልማ ለፍቅር ሲል ገደል ገባ። ኪቦርድ ተጫዋቹ የቱን እንደሚነካ ግራ ገብቶት እጁን አነሳ። መዘምራኑ አንድም ሳይቀር በርኅራኄ ከዜማው ወጡ፤ መስኮቱ ሥር የተኛው ውሻም ነቅቶ ማላዘን ጀመረ።

የእሾህ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

"በቃ! ዝም በሉ! ይሄ ምስጋና ነው የድመት ጠብ?" ጣቷን ቀሰረች። "አንቺ! አዎ፣ አንቺን ነው! ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው የምታበላሺው?"

በርሜል ደነገጠ። "እህቴ፣ ኧረ እንዲህ አይባልም! ነርሷ በፍቅር ያዟቸው ብላ የለ?"

"አንተ አትግባ! ነርሷ ያለችውን ከሁላችሁም ይልቅ የሰማሁት እኔ ነኝ።" ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች፤ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። "መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች እንደማንም ሰው ታረጃለች አላለችም? ብላለች! በይ አስሊው። አሁን አርባ ብትሆኚ፣ እስከ ሰማንያ ሌላ አርባ ዓመት አለሽ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ እንዲህ ስትጮኺ ልስማሽ? ምን በድዬሽ ነው?"



ልብስ ሰፊዋ ዓመቱን በጣቶቿ ቆጠረች። ሐኪሟም ይህንኑ ነግሯታል። ራሷን ነቅንቃ ተቀብላዋለች እንጂ ልቧ አላመነም ነበር። አሁን ግን አንዲት ሴት ያን ሁሉ ዓመት ከእሷ ጋር መኖሯ አይቀሬ ሆኖባት ስትንገበገብ በዓይኗ አየች። እንባዋ መጣ፤ ሳቋም ተከትሎ መጣ።

"ምን ያስቅሻል?" አለች እሾህ።

"ምንም።"

"እንግዲያው ሳቂ። እሁድ ብቻሽን ልትዘምሪ የነበረውን ሶሎ አትዘምሪም።"

ሳቋ ድርግም አለ። "ምን ማለትሽ ነው? ለማን ልትሰጪው?"

"ለእሷ።" እሾህ በተሰበረው እርሳስ ፀጉር ሠሪዋን አመለከተች።

"ለእሷ? ይህችማ ምን ትንፋሽ አላትና ነው! አንድ ስንኝ ሳትጨርስ አይደል እንዴ የምታለከልከው!"

"ምን አልሽ አንቺ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ። የዋህ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። "ደግመሽ በይው እስቲ!"

ልብስ ሰፊዋ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች።