ያልተገኘው ካውያ

ቁስሉ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ታየ። የሰባት ዓመቷ ልጅ ክንድ ላይ፣ ጫፉ ሹል የሆነ የተቃጠለ ቆዳ። አስተማሪዋ የካውያ መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደወለች።

ቢሮው ንስሯን ላከ። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ በዐሥራ ሁለት ዓመት ሥራዋ ከዓይኗ ያመለጠ ነገር የለም ይሏታል። መዝገቡን መኪና ውስጥ ገለጥ አደረገችው። እናት ሞታለች። አባት የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ልጅቷ የምትኖረው ከእንጀራ እናቷ ጋር ነው። ንስሯ እዚህ ስትደርስ መዝገቡን ዘጋችው። እንጀራ እናት ከተባለ ምን ቀረ?

በሩን የከፈተችው ሴት ቀሚሷ ጭምድድ ያለ፣ ፊቷም ያልተፈታ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ከኋላዋ ቆማለች።

«ካውያሽን አሳዪኝ» አለቻት ንስሯ።

«ካውያ የለኝም።»

«ታዲያ ዩኒፎርሟን በምን ትተኩሺዋለሽ?»

«አጣጥፌ ፍራሽ ሥር አስገባዋለሁ። ተኝተንበት ስናድር ደህና ይሆናል።»

ንስሯ ብዙ ሰበብ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና መስማቷ ነው። ቁም ሣጥኑን፣ አልጋ ሥሩን፣ ማድቤቱን በረበረች። ካውያ የለም። ቅጹ ላይ «ማስረጃውን ደብቃለች» ብላ ጻፈች።

«ስትጮሂባት ጎረቤት ይሰማል» አለቻት።

«እጮሃለሁ፤ አልክድም፣ አፌ ክፉ ነው። እጄ ግን አርፎባት አያውቅም። ቁስሉን ያየሁት እሁድ ማታ ስትመጣ ነው። ምን ሆንሽ ብላት ዝም አለችኝ።»

«ለነገሩ እኛንም ዝም ብላናለች። እያየሻት እንዴት ትናገር?»

ልጅቷን ሊወስዷት ሲሉ የእንጀራ እናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ማስለቀቅ ነበረባቸው። ንስሯን ይዟት የመጣው የቢሮው ሾፌር ፊቱን አዞረ።

«አትገረም» አለችው ንስሯ። «የተጎዳ ልጅ የጎዳውን ሰው ነው ሙጥኝ የሚለው። ሥልጠና ላይ ተምረነዋል።»

እንጀራ እናትየው ቁጣዋ ሁሉ ጠፍቶ እስከ መኪናው ተከተለቻቸው። «እህቴ፣ ልጄን አትውሰጂብኝ። እሺ፣ ከወሰድሻትም ጨለማ እንደምትፈራ ንገሪያቸው» አለች። ይህ ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ዘመድ እያለ ልጅ ወደ ማሳደጊያ አይላክም፤ የቢሮው ደንብ ነው። የሟች እናቷ እህት ደግሞ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ትኖራለች። ቤቷ ሲገቡ ንስሯ ትንፋሿ ተመለሰ። መጋረጃው ነጭ ነው፤ የአክስትየው ሸሚዝ ላይ አንዲት መስመር አልተዛነፈችም። ድምፅዋም ለስላሳ ነው።

«የእህቴ አደራ ናት» አለች አክስትየው። «ቅዳሜና እሁድ እኔው ጋ ስለሆነች አልጋም ልብስም አላት። እዚያ ቤት ሥርዓት የለም፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ አስለምዳታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ንስሯ ከልቧ። ብዕሯን አውጥታ የርክክቡን ወረቀት የምታስቀምጥበት ፈለገች።

አክስትየው «ይቅርታ፣ ስተኩስ መጣችሁብኝ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካውያ ወደ ጎን ስታደርግላት፣ ልጅቷ ክንዷን ከጀርባዋ ደበቀች፤ ንስሯም ፈረመች።