የሕፃኑ ምስክርነት

ሽማግሌው ሰር ሴፕቲመስ እንደ ልማዳቸው በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ በሟች ሚስታቸው ሥዕል ፊት ቁጭ እንዳሉ ሞተው ተገኙ። አካላቸው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብለዋል፤ በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን።

ለንደን አንድ ወሬ ይዛ አደረች፤ ሚስትየዋ መጥታ ወሰደቻቸው። ሐሙስ ሐሙስ እህታቸው ሚስ ፕሩደንስ መብራት አጥፍታ፣ ክቡን ጠረጴዛ አስከብባ፣ የሞተችውን ታነጋግርላቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ጠረጴዛው ተንኳኳና "በቅርቡ ወደ እኔ ትመጣለህ" አለ ተባለ።

ኢንስፔክተር ፊች ማንም ከቤት እንዳይወጣ በሩን በፖሊስ አስጠበቀ። ከዚያ ሌላ መርማሪ በመጥራት ፈንታ ሁለት ደራሲዎች አስጠራ። ሚስቱ የሁለቱንም ታሪክ በየሳምንቱ ከጋዜጣ ታነባለች፤ ገዳዩን ሁልጊዜ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ እሱ አውቆ አያውቅም።

ሄስተር ይህን ሁሉ ከደረጃው ላይ ሆና ልጇን እያባበለች ታያለች። የሽማግሌው ምራት ናት። ባሏ ህንድ አገር በንዳድ ከሞተባት ወዲህ የአማቷን ፊት እያየች ነው የምትኖረው። ሽማግሌውና ሚስ ፕሩደንስ ልጁን ስኮትላንድ ወስደው ሊያሳድጉት፣ እናቱን ወደመጣችበት ሊሸኟት ቆርጠው ነበር። ሽማግሌው ሞቱ፤ የልጁ ሻንጣ ግን አሁንም እበሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ሚስ ፕሩደንስ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ማሰሪያውን ጠበቅ ታደርገዋለች።

ልጁ ዊልፍሬድ ያለቅሳል።

"ሽሮፑን ጠብ አያደርጉለትም፣ እመቤቴ?" አለች ወጥ ቤቷ ሚሲስ ቦግስ።

"አልቋል። ወጥቼ እንዳልገዛ በሩ ተዘግቷል።"

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። እንደ ሐዘን ወጉ መስታወቱ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል፤ ሰዓቱ ቆሟል። ቀጭኑ ደራሲ ሚስተር ፔልሃም መንፈስ የሌለበት መጽሐፍ ጽፎ አያውቅም። ወፍራሙ ሚስተር ክሬክ ደግሞ ወላጅ ያለው ልጅ ጽፎ አያውቅም።

"ሐኪሙ የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ነበር ይላል" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ብርሃን ነው" አለ ፔልሃም ዓይኑን ጨፍኖ። "ከወዲያኛው ዓለም የመጣ ብርሃን አይተዋል።"

"የጋዝ መብራትም ያጠበዋል፣ ወዳጄ" አለ ክሬክ።

"አንተማ መንፈስ ቢያንኳኳብህ ቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነው ትላለህ።"

"አንተ ደግሞ ኪራይ ሰብሳቢ ሲያንኳኳ መንፈስ ነው ብለህ አልጋ ሥር ትገባለህ።"

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያን ማታ ወይኑን ማን ወሰደላቸው?"

"እኔ" አለች ሄስተር። "ሁልጊዜም እኔ ነኝ።"

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ሚስ ፕሩደንስ ሻንጣውን አየችው። ሄስተር ከታሰረች ልጁ ዛሬውኑ ባቡር ላይ ነው።

"ከጠርሙሱ የተረፈውን እኔው ጨለጥኩት" አለች ሚሲስ ቦግስ። "ታዲያ ሞቼ ነው የማወራችሁ? እሳቸው እንደሆኑ ያን ማታም 'ይሄ ወይን ጣፈጠ' እያሉ ይጮሁ ነበር። ቢመርም ጩኸት፣ ቢጣፍጥም ጩኸት። ብርጭቆውን ግን ጨርሰውታል፤ ማን ለማን ሊያስተርፍ።"

"ኢንስፔክተር፣ ይቅርታዎን" አለ ክሬክ። "ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያቀፈች፣ ዓይኗ ያበጠ። እሷን ገዳይ ባደርጋት ጋዜጣውን የሚገዛኝ አላገኝም።"

ኢንስፔክተሩ ሚስቱን አሰበና ተስማማ።

ዊልፍሬድ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ይህን ልጅ ዝም የሚያሰኝ ጠፋ?" አለ ፔልሃም።

"ድምፁን እኮ ሰምተነው አናውቅም፣ ጌታዬ" አለች ሚሲስ ቦግስ። " ውሎ አዳሩ እንቅልፍ ነበር። እንዲህ የሆነው ጌታችን ከሞቱ ወዲህ ነው።"

ፔልሃም ተነሣ። "ከሞቱ ወዲህ። ሰማችሁ? ሕፃን መንፈስ ያያል። አይዋሽምም፤ ገና አልተማረማ። ገዳዩን እሱ ያሳየናል።"

እናም ምስክሩን በየሰው ፊት አዞሩት። ሥዕሉ ፊት አለቀሰ። ኢንስፔክተሩ ፊት አለቀሰ፤ ጢሙ ነው ተባለ። ፔልሃም ፊት ሲያለቅስ ክሬክ "መጽሐፍህን አንብቦታል" አለ። ሚስ ፕሩደንስ እጇን ዘርግታ "ና ወደኔ" ስትለው ግን ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ጮኸ።

ሁለቱ ደራሲዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

"የገደለቻቸው የሚስታቸው መንፈስ ናት" አለ ፔልሃም። "የጠራቻት ግን እህትየዋ።"

"ቀጭን፣ ያላገባች፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለች" አለ ክሬክ። "እኔ እንኳ ገና ከበር ስገባ ነው ያወቅኋት።"

"ጠረጴዛውን የማንኳኳው በጉልበቴ ነው" አለች ሚስ ፕሩደንስ። "ወንድሜ ደስ እንዲለው ብዬ። መንፈስ የሚባል ነገር አላየሁም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለ ፔልሃም።

"ሄስተር፣ አንቺ እንኳ ንገሪያቸው እንጂ። ታውቂኝ የለም?"

ሄስተር ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፍ አደረገች።

"መንፈስ ጠርቶ ማስገደል በሕጉ ላይ መኖሩን እንጃ" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ካቴናውን እያወጣ። "ሚስቴን ግን ያሳምናታል።"

ሚስ ፕሩደንስን ሲያወጧት ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ አጨበጨበ። ደራሲዎቹ ለራሳቸው መስሏቸው እጅ ነሱ።

በሩ ተከፈተ። ሄስተር መጀመሪያ ሻንጣውን ወደ ላይ መለሰች። ቀጥላ የሚያለቅሰውን ልጇን አቅፋ ጥግ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደች።

"እንዴ፣ ያ ሁሉ ሽሮፕ አለቀ?" አለ መድኃኒት ሻጩ፣ አዲሱን ጠርሙስ እየጠቀለለ። "በጠብታ ነው እኮ፣ እመቤት። ስኳሩ አያታልልዎ፤ ውስጡ ኦፒየም ነው፤ ሙሉውን ከጠጣው ትልቅ ሰውም አይነቃም።"

"አውቃለሁ" አለች ሄስተር።