ለኮምፒውተሩ የሰጠሁት ድምፅ

«አፕዴት ልሁን ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንቢ ማለት ነውር መስሎኝ እሺ አልኩት» አለች እናቴ፣ ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ እየሰጠችኝ። በሰባ ዓመቷ ገና መማሯ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኮምፒውተሩ አላናግር ስላላት ነው የጠራችኝ።

ልጆች ድምፃችንን ለወላጆቻችን ኮምፒውተር መስጠት ከጀመርን ወዲህ የሚደውል የለም። እኔም ከፋሲካ በኋላ አልደወልኩም። በየማለዳው በእኔ ድምፅ የሚጠይቃት እሱ ነው።

አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ ሳደርገው ተስተካከለ።

«እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» አለ በእኔው ድምፅ።

የምን ጉልበት? አልኩ በልቤ።

እናቴ ፊቷ በራ። ወንበሯን ወደ እሱ አዞረችና ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ያበጠ ጉልበቷን አሳየችው።

«እንዳየሽው ነው ትርሲትዬ» አለችው በእኔ ስም። «አንቺ ባትኖሪ ማን ይጠይቀኝ ነበር?»

እኔ ዳንቴሉን እንደያዝኩ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።