ዘንዶ ገዳዩ ሲያረጅ

«ጀግናው ዘንዶውን ይገድላል፣ ዙፋኑ ላይ ይወጣል። ሲያረጅ ግን የራሱ ቆዳ ቅርፊት ያበቅላል» ትላለች ተማሪዬ፣ ሰሌዳው ላይ የሳለችውን ክብ በጣቷ እየተከተለች። «ከዚያ ሌላ ወጣት ጎራዴ ይዞ ይመጣል።»

ኧረ ዝም በይ አንቺ ልጅ! ይሄን ምዕራፍ አውጪው ብዬ ለምኛት «እሺ ጋሼ» ብላኝ ነበር። የዛሬ ልጅ እሺታ!

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ፈታኞቹና አንድ ሁለት ዘመድ እንጂ ማንም አይመጣም። ዛሬ ግን እኔ ባለሁበት ፊት ረድፍ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የተረት ፍቅር እንዳላመጣቸው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ራዲዮው ጠዋት ማታ የአገሪቱን መሪ «ዘንዶ ገዳዩ» እያለ ያወድሳል፤ የልጅቷ ጽሑፍ ደግሞ ያንኑ ውዳሴ ከጥንት ተረቶች ጋር ያስተያያል።

ከሁለቱ አንዱ እጁን ያነሳል። «ግሩም ነው። ይሄ የቅርፊቱ ነገር የማን ሐሳብ ነው?»

የእኔ ነዋ! ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ አፌን ሳልሰበስብ ያንኑ ክብ ስዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በደንቡ አማካሪ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ይሄን ደንብ እንደ ዛሬ ወድጄው አላውቅም።

ልጅቷ ወደ እኔ አታይም። አውቃ ነው የማታየው።

«የአያቴ ነው» ትላለች። «ልጅ ሆኜ የምትነግረኝ ተረት ነበር።»

ፈታኞቹ ይስቃሉ። እኔም ትንፋሼ መለስ ይልልኛል። የአያት ተረት ማንን ያሳስራል?

«አያትሽ የት ነው የሚኖሩት?» ይላል ሰውዬው፣ በትሕትና።

ልጅቷ ወደ ኋላ ወንበሮች ሰረቅ አድርጋ ታያለች።

ከኋላ አበባ ታቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ብድግ ይላሉ። «አለሁ፣ እዚሁ አለሁ! እኔ ነኝ ያሳደግኳት! ተረቱንም እኔው ነኝ የነገርኳት፣ ሁሉንም!» ፊታቸው በኩራት በርቷል።

«ይምጡ እማማ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ይቀመጡ።» ሰውዬው ከጎኑ ያለውን ወንበር በመዳፉ ይጠርግላቸዋል።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ወደ እኔ ይዞራል። «አማካሪው የሚሉት ነገር አለ?»

አሁን ልጅቷ ታየኛለች። እኔ የጽሑፉን ገጾች አገላብጣለሁ። አሮጊቷ በወንበሮቹ መሀል እየተደገፉ መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ።

«አሳልፈኝማ የኔ ልጅ» ይሉኛል።

እግሬን ሰብስቤ አሳልፋቸዋለሁ።