የቀዩ ድልህ ልጣፍ

ዮግያካርታ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ፎቅ ላይ፣ አራት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚሠሩባት የዲዛይን ቢሮ ነበረች። የብስኩት ካርቶን በሉት፣ የሻይ ቆርቆሮ በሉት፣ የሠርግ ጥሪ በሉት፣ እነሱ ያላስጌጡት ነገር የለም።

ባለቤቱ ፓክ ዊርያ፣ ፓክ አቶ እንደማለት ነው፣ ክረምት ከበጋ ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱሪ ነው የሚለብሱት። ትርፍ ጊዜያቸውን በጥቁር ቀለም ፊደል ሲጥሉ ይውላሉ። አንዲት ፊደል የፀጉር ታህል ብታጋድል ከወዲያኛው ግድግዳ ሆነው ያዩዋታል፣ ዓይን ነው እንጂ!

ከእሳቸው ቀጥሎ ፓክዴ ቱጊማን (ፓክዴ አጎቴ እንደማለት ነው) አሉ። ስልሳ ሊሞላቸው ነው፤ ጓሯቸው ውስጥ ጨርቅ ቀለም እየነከሩ ጣታቸው ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ፓክ ዊርያን በሞተር የሚያመላልሷቸውም እሳቸው ናቸው። ፓክ ዊርያ ምንም ነገር ከመፈረማቸው በፊት፣ "ቱጊማን፣ ምን ትላለህ?" ይላሉ። ትሑት ናቸው፣ የሠራተኛ ምክር ይሰማሉ እየተባሉ ይወደሱበታል።

ዓሣ ማጥመድ እንጂ አፍ መዝጋት የማይሆንላት ጋሉህና የሁሉም ታናሽ ላራስ ሲጨመሩ ቤቱ ሞላ።

ጉዱን የሠራችው ላራስ ናት።

ሰኞ ዕለት ፓክዴ የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ በጠዋት ወደ ሶሎ ከተማ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ላራስ የውዝዋዜ ትምህርቷ ደርሶባት፣ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ሆኖ የኢቡ ሱምያቲን የድልህ ልጣፍ ለማተሚያ ቤት ላከች። ኢቡ ሱምያቲ፣ የቢሮው ደንበኛ የሆኑት ወይዘሮ፣ የሚያቃጥለውን ቀይ ድልህና ለስለስ ያለውን አረንጓዴ ይሸጣሉ። ላራስ በቀዩ ድልህ ጽሑፍ ሥር የአረንጓዴውን የጀርባ ቀለም ሰክታ ነበር የላከችው። ማክሰኞ ናሙናው መጣ፣ ፓክ ዊርያ ፈረሙ፣ ሄደ። ሐሙስ ስምንት ሺህ ልጣፍ በካርቶን ታጭቆ ደረሰ።

ጋሉህ አንዱን ከፈተችና ሳቀች። "ይሄ ቀይ ከሆነማ እኔም የሱልጣን ልጅ ነኝ! ቅጠል የመሰለ ነገር!"

ላራስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፓክ ዊርያ አንድ ወረቀት አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ መልሰው አስቀመጡት።

ፓክዴ ቱጊማን ከሠርጉ የተመለሱት በዚያው ቀን ነው፤ ካርቶኑን አዩ፣ ፓክ ዊርያን አዩ፣ ተነሱ።

"የኔ ጥፋት ነው" አሉ። "ከመሄዴ በፊት የላክሁት እኔ ነኝ።"

"ናሙናውስ? ፓክ እኮ ፈርመዋል!" አለች ጋሉህ።

"በስልክ 'አይቼዋለሁ፣ ይፈርሙት' ብዬ ያሳሳትኳቸው እኔው ነኝ።"

ላራስ ቀና ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው ይዋሻሉ። ለእሷ ብለው ነው የሚዋሹት። እሷ ደግሞ ምላሷ ታስሮ ቁጭ አለች!

ኢቡ ሱምያቲ ቁርጡን ተናገሩ፤ ያን ያደረገ ሰው ከቢሮው ካልወጣ ሥራቸውን ሁሉ ሊወስዱ ነው። ፓክዴም "ጡረታዬ እንደሁ ደርሷል" ብለው ዕቃቸውን ሰበሰቡ።

እሁድ መሰነባበቻ ተብሎ አራቱም ከከተማ ወጥተው የራምቡታን እርሻ ሄዱ። ፍሬው ፀጉራም ነው፤ ቀዩ ማር፣ አረንጓዴው ጮርቃ፣ ጥርስ የሚያጠርስ። ጋሉህ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተንጠለጠለች፣ "ፓክዴ፣ ከንግዲህ ማን ይቆጣኛል? ለማን ብዬ አርፍዳለሁ?" እያለች ታስቃለች። ላራስ ግን ሩዟን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ናት።

ከምሳ በኋላ ፓክዴን ከዛፍ ጀርባ ያዘቻቸው።

"ሰኞ የላክሁት እኔ ነኝ። እርስዎ የሉም ነበር። ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን እንደዚህ ያደርጉኛል? እህል አልወርድ አለኝ እኮ!"

"ይወርዳል። ጥቂት ቀን ነው" አሏት እጇን መታ መታ አድርገው። "ፓክ ዊርያ ላይ ግን ይህን ነገር እንዳታነሺባቸው። አደራ ልጄ።" ይህን ብለው ሳህኑን ሊያጥቡ ከጋሉህ ጋር ወደ ምንጩ ወረዱ።

አደራው ለላራስ እሳት ሆነባት። ፓክ ዊርያ ብቻቸውን ዛፍ ሥር ቆመው አንጋጠው ቅርንጫፍ ሲጎትቱ አገኘቻቸው፣ ድፍረቷ ሳይከዳት ሁሉንም ዘረገፈችው። መሳሳቷን፣ ዝም ማለቷን፣ ሽማግሌው መዋሸታቸውን።

ፓክ ዊርያ ቅርንጫፉን ለቀቁት።

"እንግዲያው እኔን ያባሩኝ" አለች እያለቀሰች። "እሳቸውን አይስደዱብኝ።"

"አንቺ ተሳስተሻል" አሉ። "የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። አሁኑኑ ለኢቡ ሱምያቲ ደውዬ ጥፋቱ የኔ ነው እላታለሁ። ቱጊማን የትም አይሄድም።"

"እርስዎ? እርስዎማ ምን አጠፉ!"

"ደውዬ እነግራታለሁ አልኩሽ።"

ላራስ የሦስት ቀን ሸክሟ ከላይዋ ወረደላት። የሰው ኃጢአት በራሱ ላይ የሚጭን፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ፓክ ዊርያም ሆዳቸው ባባ፤ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ ጊዜ ወስደው መረጡና አንድ ፍሬ ቀጠፉላት።

"እንኪ፣ ስታለቅሺ አፍሽ መሯል። ደህና የበሰለውን፣ ቀይ የሆነውን መርጬልሻለሁ።"

መዳፏ ላይ ያስቀመጡላት ፍሬ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። ላራስ 'ቱጊማን፣ ምን ትላለህ?' የሚለው ጥያቄያቸው ትዝ አላት።