ምድር ቤት ያለችው ዳፍኒ

ግሌንዳ ሃርግሮቭ ባሏ ሌላ ሴት እንዳለችው ያወቀችው ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት በወረደችበት ቀን ነው።

የኦርቪል ክፍል በር ተዘግቷል። ከውስጥ ድምፁ ይሰማል። እሷ ከሰማችው ዘመን ያለፈው፣ ለስለስ ያለው ድምፁ።

«እንግዲህ ዳፍኒዬ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ» ይላል። «የት ጋ እንደተሳሳትኩ አንቺው ታወጪልኛለሽ።»

ግሌንዳ ልብሱን እንደታቀፈች ወደ ላይ ተመለሰች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ኦርቪል አንድም ቀን «ተሳሳትኩ» ብሏት አያውቅም።

ኦርቪል ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ምድር ቤት ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ድረ ገጽ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም አለ፤ እሱና መሰሎቹ በነፃ ይጠግኑታል። የሆነ ሰው ስክሪፕት የሚሉትን ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ ድረ ገጹን በያዘው ኮምፒውተር በሰርቨሩ ላይ አልነሳ ብሎ ገጹ ነጭ ወረቀት ሲሆንበት ፎረም በሚሉት የኢንተርኔት መወያያቸው ላይ ይጮኻል፤ ኦርቪል ይደርስለታል። ለማያውቀው ሰው ገጽ ሙሉ መልስ ይጽፋል። ለሚስቱ መልሱ «እህ» ነው።

ማታ ፔሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ አቅርባ ነገር ጀመረች።

«ዛሬ ከማን ጋር ስታወራ ዋልክ?»

የኦርቪል ሹካ አየር ላይ ቆመ። «ከ... ከፎረሙ ሰዎች ጋር ነዋ።»

«ምን ይላሉ?»

«አያነቡ፣ አያስቡ፣ ዘለው መጠየቅ ብቻ! ስንቴ ተነገራቸው፤ ችግራችሁን ወደኛ ከማምጣታችሁ በፊት ከሀ እስከ ፐ፣ ለግድግዳም ቢሆን፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፣ ግማሹ እየተናገራችሁት ይፈታል ተብሎ። ግን ማን ይሰማል?»

«እኔም የምለው እሱን ነው። ማን ይሰማል?» አለች ግሌንዳ።

ኦርቪል ፔሮጊ ጨመረ።

በማግስቱ ሬጂና ከተማ ላለችው እህቷ ለማርጂ ደወለች። ማርጂ ደጋግማ አግብታ ደጋግማ የፈታች በመሆኗ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ናት።

«ዝምተኛ ወንድ ድሮም አላምንም» አለች ማርጂ። «ሴትየዋ ምን ትለዋለች?»

«እሷማ ትንፍሽ አትልም። እሱ ብቻ ነው የሚለፈልፈው።»

«አየሽ፣ ብልጥ ናት! ወንድን የሚጥለው የሚያዳምጠው ሲያገኝ ነው። አንቺ ደግሞ ታቋርጫለሽ።»

«እኔ መቼ ነው የማቋርጠ...»

«አሁን።»

ግሌንዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ጥርጣሬዋን ያጸናላት ግን ራንዳል ነው። ራንዳል ፋርጎ ከተማ የሚኖር የፎረሙ ሰው ነው። ኦርቪል ጋራዥ ውስጥ የበረዶ ጫማውን እያወለቀ ስልኩን ድምፁ ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጎ ያወራዋል።

«ዳፍኒ እንዴት ናት?» አለ ራንዳል።

«ደህና ናት። የፈለገውን ያህል ብቀባጥር አንድ ቀን ስቃብኝ አታውቅም። ያንተዋስ?»

«የኔዋንማ ውሻው ነክሶ አበላሻት። ምን አደርጋለሁ፣ ሌላ ያዝኩ።»

«ነፍስ ይማር!» አለ ኦርቪል። ሁለቱም ሳቁ።

ከበሩ ጀርባ ግሌንዳ አፏን በእጇ ያዘች። ሰው ውሻ ነክሷት ይሳቃል? በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ የወደቀችው ዳፍኒ ተብዬዋ ራሷ ለቅጽበት አሳዘነቻት። ቀጥላ ግን መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። ያንገበገባት ቅናት ብቻ አልነበረም። ድሮ፣ ኦርቪል ቀኑን ከመጀመሪያው የሚተርክላት ሰው እሷ ነበረች። ጥላው ልትሄድ ወሰነች፤ ያንን ቦታ ማን እንደወሰደባት ሳታይ ግን አትሄድም።

ቅዳሜ ጠዋት የአንድ የበረዶ ላይ ሞተር ነጂዎች ክለብ ድረ ገጽ ተሰናከለና ፎረሙ ታመሰ። ኦርቪል ቡናውን ይዞ እየሮጠ ወረደ። ግሌንዳም ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ተከተለችው። በሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች።

«ተመልከቺ፣ ዳፍኒዬ። ስክሪፕቱ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሰርቨሩ ላይ ሲጫን ግን ገጹ ነጭ ነው። የፋይሉን የመክፈቻ ፈቃድ አየሁ፣ ደህና ነው። ሰርቨሩ «የምትለኝን አላገኘሁትም» ይላል፤ ፋይሉ ግን ይኸው ቁጭ ብሏል! ምን ትያለሽ?»

ዝምታ።

«ቆይ... ቆይ። ሰውየው የጻፈው በሌላ ዓይነት ማሽን ነው። ስለዚህ በየመስመሩ መጨረሻ ለዓይን የማይታይ ምልክት ተለጥፎበታል። ሰርቨሩ የተደናገረው በሱ ነው! ዳፍኒ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ከዚያ የመሳም ድምፅ ተሰማ።

ግሌንዳ በሩን በርግዳ ገባች። «የታለች?»

ኦርቪል ከወንበሩ ብድግ አለ። «ማ... ማን?»

«ዛሬስ አታሞኘኝም! እኔ እላይ አንዲት ቃል ስለምንህ፣ አንተ እዚህ ተረት ታወራለህ። ይኸው ሻንጣዬን ይዣለሁ። እኔ ያላደረግኩልህን እሷ ምን አደረገችልህ?»

«ምንም አላደረገች። ዝም ብላ ትሰማኛለች።»

«እኔስ አልሰማህም?»

«አንቺ ገና አፌን ስከፍት መልሱን ትነግሪኛለሽ» አለ ኦርቪል መሬት መሬት እያየ። «ደግሞ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው የደበቅኳት።»

ግሌንዳ ልትመልስለት አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። እንባዋ መጣ።

«አሳየኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዓይኗን ልየውና ልሂድ።»

ኦርቪል እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ ከኪቦርዱ ጀርባ ዳፍኒን፣ ቢጫዋን የላስቲክ መጫወቻ ዳክዬ፣ አንስቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።